የፒንግፖንግ ጨረቃ እና አራቱ የጁፒተር ዶቃዎች፦ የሥራ ማስታወሻ

ታኅሣሥ 25፣ 2018

ሁለት ነገር ልሠራ ነው። አንደኛው የዕለቱን የጨረቃ ቅርጽ የሚያሳይ ሳጥን ነው። ሁለተኛው የጁፒተር አራት ትልልቅ ጨረቃዎች ዛሬ ማታ የት የት እንደቆሙ የሚናገር ሰሌዳ። ይህን ሁሉ የሚያሳይ አፕ ሞልቷል። ግን የእህቴ ልጆች ስልክ ከያዙ ቲክቶክ እንጂ ጨረቃ አያዩም።

ሌላም ምክንያት አለኝ። በየመጽሐፉ ያለው የጨረቃ ሥዕል ለእኛ ሰማይ የተሣለ አይደለም። ማጭዷ ቀጥ ብላ ቆማ፣ ብርሃኑ በቀኝ፣ ጨለማው በግራ ሆኖ ነው የሚሣለው። ለለንደን ሰው ልክ ነው። አዲስ አበባ ግን ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ብቻ ነው የምትርቀው። እዚህ ፀሐይ ስትጠልቅ ቀጥ ብላ ነው የምትወርደው። ጨረቃም በዚያው መንገድ ትከተላታለች። ስለዚህ የበራው ጎኗ ወደ ታች፣ ፀሐይ ወደገባችበት ይዞራል። ማታ ምዕራብ ላይ የምናያት አዲስ ጨረቃ እንደ ታንኳ ተንጋላ፣ ቀንዶቿን ወደ ላይ አድርጋ ነው። ልጆቹ ትምህርት ቤት የሚሥሉትና በረንዳ ላይ የሚያዩት አይገናኝም። የእኔ ሳጥን የበረንዳውን ነው የሚያሳየው።

ዛሬ ሙሉ ጨረቃ ናት፤ ጁፒተርም አጠገቧ አለ። ለመጀመር ጥሩ ቀን ነው ብዬ ዕቃ መሰብሰብ ጀመርኩ። ቁራጭ ኮምፔልሳቶ አለ። የፒንግፖንግ ኳስ አለ። የተሰበረ ጃንጥላ አለ፤ ሽቦዎቹ ለዘንግም ለጠቋሚም ይሆናሉ። ቡሎንና ዳዶ ከሰፈር ሱቅ።

ታኅሣሥ 29

የሳጥኑ አሠራር እንዲህ ነው። ግማሹ ነጭ፣ ግማሹ ጥቁር የሆነ ኳስ በአግዳሚ ዘንግ ላይ ይሰካል። ከፊት ለፊት በክብ ቀዳዳ ይታያል። ኳሱ ሲዞር ነጩ ክፍል ከታች ብቅ ይላል፣ ግማሽ ይሆናል፣ ይሞላል። በብርሃኑና በጨለማው መካከል ያለው መስመር ልክ እንደ እውነተኛዋ ጨረቃ እየጎበጠ ይሄዳል። የድሮ ትልልቅ የግድግዳ ሰዓቶች ላይ ያለው ጠፍጣፋ ጨረቃ ይህን አያደርግም። ኳስ የመረጥኩትም ለዚህ ነው።

ዋናው ጥያቄ ኳሱ በምን ያህል ፍጥነት ይዙር ነው። ከአዲስ ጨረቃ እስከ አዲስ ጨረቃ በአማካይ 29 ቀን ከ12 ሰዓት ከ44 ደቂቃ ነው። 44 ደቂቃዋን ብንተዋት 29 ቀን ተኩል ይቀራል። በግማሽ ቀን ስንቆጥር 59 ነው። እንግዲህ 59 ጥርስ ያለው ዲስክ ሠርቼ ዘንጉ ጫፍ ላይ እገጥማለሁ። ጠዋት አንድ ጥርስ፣ ማታ አንድ ጥርስ። በቃ።

ችግሩ 59 ለምንም ለምን የማይካፈል ቁጥር መሆኑ ነው። ክብን ለሁለት፣ ለአራት፣ ለስድስት በኮምፓስ መክፈል ማንም ይችላል። ለ59 መክፈል ግን በፕሮትራክተር የሚሞከር አይደለም፤ እያንዳንዱ ክፍል 6.1 ዲግሪ ነው። መላው ከሌላ በኩል መምጣት ነው። ዙሪያው 59 ሴንቲሜትር የሆነ ዲስክ ከቆረጥኩ እያንዳንዱ ጥርስ አንድ ሴንቲሜትር ይሆናል። ራዲየሱ 9.4 ሴንቲሜትር ይወጣል። ከዚያ የልብስ ሰፊ ሜትር ዙሪያውን መጠምጠም፣ በየሴንቲሜትሩ በእርሳስ ምልክት ማድረግ።

ታኅሣሥ 30

ዲስኩ ተቆረጠ። ሜትሩ ሲጠመጠም 59 ላይ ሊገጥም ሁለት ሚሊሜትር ያህል ተረፈው። ስለዚህ ብርጭቆ ወረቀት ይዤ በረንዳ ላይ ተቀመጥኩ። ትንሽ መፋቅ፣ መጠምጠም፣ እንደገና መፋቅ። የኮምፔልሳቶ ጠርዝ በአንድ በኩል ቶሎ ይበላል፣ በሌላው ይደርቃል፤ እንደ እንጨቱ አቅጣጫ ነው። ዲስኩን በአንድ እጅ እያዞሩ ወረቀቱን ሳያንቀሳቅሱ መያዝ ይሻላል። የሜትሩ መጀመሪያና 59 ቁጥሩ ሲሳሳሙ አቆምኩ።

ጥርሶቹን በብረት መጋዝ ነው ያወጣኋቸው። ጥልቀታቸው የመጋዙ ምላጭ ስፋት ያህል ብቻ። ከቲማቲም ጣሳ የተቆረጠ ቀጭን ቆርቆሮ ሳጥኑ ጎን ላይ በምስማር መታሁ፤ ጫፉ ጥርሶቹ ውስጥ እየገባ ዲስኩን ይይዘዋል። ሲዞር "ቀጭ" ይላል። ልጆቹ ከጨረቃዋ በላይ የወደዱት ይህን ድምፅ ነው።

ጥር 2

ዛሬ ምድር በፀሐይና በጁፒተር መካከል ናት። ጁፒተር ፀሐይ ስትጠልቅ ወጥቶ እስኪነጋ ይቆያል፤ በዓመቱ ከሁሉም የሚደምቅበት ጊዜ ነው። ከጎረቤት 10 በ50 የሆነ ባይናኩላር ተውሼ የበረንዳው ብረት ላይ ሁለት ኪሎ የሩዝ ከረጢት አስቀመጥኩ። ባይናኩላሩ ሩዙ ላይ ይተኛል፤ እጅ አይንቀጠቀጥም። በእጅ ብቻ ይዛችሁ ከሞከራችሁ ጁፒተር ሲደንስ ነው የምታዩት።

ጁፒተር ትንሽ ክብ ሆነ። አጠገቡ በአንድ መስመር የተሰለፉ ነጥቦች። በእኛ ሰማይ መስመሩ አግድም አይደለም። ጁፒተር በምሥራቅ በኩል ሲወጣ ጨረቃዎቹ ከላይ ወደ ታች ነው የሚሰለፉት። ምክንያቱ የታንኳዋ ጨረቃ ምክንያት ነው። ፕላኔቶችም ጨረቃም የሚሄዱበት መንገድ እዚህ ቀጥ ብሎ የቆመ ነው። ስለዚህ በደብተሬ ላይ ነጥቦቹን ከላይ ወደ ታች ነው የምመዘግበው።

ጋሊልዮ በፓዱዋ ሆኖ ጥር 7 ቀን 1610 እ.ኤ.አ. ያየው ይህንኑ ነው። መጀመሪያ ሦስት ብቻ ነበሩ፤ አራተኛውን ያገኘው ከቀናት በኋላ ነው። የእሱ መነጽር ከተዋስኩት ባይናኩላር ብዙም አይበልጥም ነበር። ትዕግሥቱ ግን ይበልጣል።

ጥር 10፣ ከተራ

ሳጥኑ ዛሬ ሥራ ጀመረ። አዲስ ጨረቃ የምትሆነው ዛሬ ከምሽቱ 5 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ነው። ስለዚህ ኳሱን ሙሉ ጥቁር አድርጌ ዲስኩን አሰርኩት። ታቦታቱ በየጥምቀተ ባሕሩ የሚያድሩበት ሌሊት ዘንድሮ ጨረቃ የሌለው ነው።

ከታች ያሉት የኔታ ሳጥኑን አይተው ጠየቁኝ።

"ይኼ ምንድን ነው ልጄ?"

"ጨረቃ ነው የኔታ። በቀን ሁለት ጥርስ ይሄዳል።"

"ስንት ጥርስ አለው?"

"59።"

ትንሽ አሰቡና "እንግዲያው ሠላሳና ሃያ ዘጠኝ ነው" አሉ። በአንድ አፍታ ገባቸው። ባሕረ ሐሳብ፣ የበዓላት ቀን የሚወጣበትን ስሌት፣ ተምረዋል። አንዱ የጨረቃ ወር 30፣ ቀጣዩ 29 እየተባለ ሲቆጠር ሁለቱ አንድ ላይ 59 ይሆናሉ። የእኛ ወር 30 ቀን፣ የጨረቃዋ 29 ተኩል ነው፤ በሁለት ወር የሚጎድለው አንድ ቀን ሕጸጽ ይባላል።

የዘንድሮውን አበቅቴም፣ ዓመቱ ሲጀምር የጨረቃዋ ዕድሜ የሚታወቅበትን ቁጥር፣ እዚያው ቆመው አወጡልኝ። ወረቀት አልፈለጉም። 5500 ሲደመር 2018፣ 7518። ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል። አንዱ ተትቶ ወንበሩ፣ ማለት የስሌቱ መነሻ ቁጥር፣ 12። 12 በ11 ሲባዛ 132፤ በሠላሳ ሲገደፍ፣ ሠላሳ ሠላሳው ሲጣል፣ 12። አበቅቴው 12 ነው። የበዓላት ቀን የሚወጣበት መጥቅዑ ደግሞ 12 በ19፣ 228፤ ሲገደፍ 18። ሁለቱ ሲደመሩ 30። 11 የተባለው የፀሐይ ዓመት 365 ቀን፣ አሥራ ሁለት የጨረቃ ወር ደግሞ 354 ቀን ስለሆነ ነው። ትውፊቱ ስሌቱን የእስክንድርያው ድሜጥሮስ እንዳወጣው ይናገራል።

ግን በዚህ ስሌት ጨረቃዋ ገና አራት አምስት ቀን ይቀራታል። ሰማዩ ላይ ደግሞ ዛሬ አልቃለች። "የኔታ፣ ለምን አልገጠመም?" አልኳቸው። "ስሌቱ ለበዓል ነው፤ አንተ የያዝከው ለዓይን ነው" ብለው ወደ ጥምቀተ ባሕሩ ሄዱ። ወደዚህ እመለስበታለሁ።

ጥር መጨረሻ

የጁፒተር ሰሌዳ። መሃል ላይ 2 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው የካፖርት ቁልፍ፤ ጁፒተር እሱ ነው። በዚህ መጠን አንድ ሴንቲሜትር 71,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ከጃንጥላው አራት ሽቦ ቆርጬ በአንድ ቡሎን ላይ ከታች ወደ ላይ ደረደርኩ። ርዝመታቸው 5.9፣ 9.4፣ 15 እና 26.3 ሴንቲሜትር። ጫፋቸው ወደ ላይ ታጥፎ ዶቃ ተሰካበት። አዮ ቢጫ፤ ድኝ የሸፈናት፣ እሳተ ገሞራ የሞላባት ናት። ዩሮፓ ነጭ፣ በረዶ። ጋኒሜድ ግራጫ። ካሊስቶ ጥቁር ቡናማ። ሰሌዳውን ከላይ ሳይሆን በጠርዙ በኩል፣ ዓይንን ከዶቃዎቹ ትይዩ አድርጎ ማየት ነው። ያኔ ልክ በባይናኩላር እንደሚታየው በአንድ መስመር ይሰለፋሉ። ከዚያ ሰሌዳውን ማቆም ነው፤ የበረንዳው ሰማይ ይመጣል።

በየማታው አዮ 203.5 ዲግሪ፣ ዩሮፓ 101.4፣ ጋኒሜድ 50.3፣ ካሊስቶ 21.6 ይዞራሉ። ከግማሽ ዙር ትንሽ የሚበልጠው የአዮ ቁጥር ነው ልጆቹን ያሳቃቸው። በየማታው በአንድ ሰዓት ካየናት ዛሬ ከላይ፣ ነገ ከታች፣ ከነገ ወዲያ እንደገና ከላይ ናት።

የእኛን ጨረቃም በዚሁ ልክ ላስቀምጣት ብዬ አሰላሁ። ከምድር 384,400 ኪሎ ሜትር ነው የምትርቀው፤ በሰሌዳዬ 5.4 ሴንቲሜትር ይሆናል። የአዮን ቦታ ልትነካ ምንም አይቀራትም። የእኛዋ አንድ ዙር ለመጨረስ 27 ቀን ከሲሶ ገደማ ይፈጅባታል። አዮ በ42 ሰዓት ተኩል ትጨርሳለች።

"ለምንድን ነው የምትሮጠው ጋሼ?" አለችኝ የእህቴ ልጅ።

"ጁፒተር ከምድር 318 እጥፍ ይከብዳል። ስበቱ ጠንካራ ስለሆነ ዝግ ካለች ይጎትታታል።"

"እና እየሸሸች ነው?"

ሽሽት አይባልም፤ ግን ለስምንት ዓመት ልጅ ከዚህ የተሻለ መልስ ወዲያው አልመጣልኝም።

የካቲት 2

ሽቦዎቹ ትክክል መደርደራቸውን የምናይበት ቆንጆ መፈተሻ አለ። ጋኒሜድ አንድ ሲዞር ዩሮፓ ሁለት፣ አዮ አራት ይዞራሉ ማለት ይቻላል። ይህ መተሳሰር ሦስቱን በአንድ ጎን በአንድ አቅጣጫ መቼም እንዳይገጥሙ አድርጓቸዋል። ቀመሩ አጭር ነው። የአዮ ዲግሪ፣ ሲቀነስ የዩሮፓ ሦስት እጥፍ፣ ሲደመር የጋኒሜድ ሁለት እጥፍ፣ ሙሉ ዙሩ (360) ሲገደፍ ሁልጊዜ 180 ነው። ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ላፕላስ ነው የደረሰበት። እኔ በየሳምንቱ ቅዳሜ ሦስቱን ቁጥር አንብቤ እደምራለሁ። 180 ካልመጣ አንዱን ሽቦ ሰው ነክቶታል ማለት ነው። ሰው ስል ድመቷንም ይጨምራል።

ካሊስቶ ከዚህ ሰንሰለት ውጭ ናት፤ የራሷን ትሄዳለች።

የብርሃን መዘግየት የሚባል ነገርም አለ። ጁፒተር ሲርቀን የአዮን ግርዶሽ ዘግይተን እናያለን። ዴንማርካዊው ሮመር በ1676 እ.ኤ.አ. ብርሃን ለመጓዝ ጊዜ እንደሚፈልግ ያወቀው በዚህ ነው። ልዩነቱ ቢበዛ 16 ደቂቃ ተኩል ገደማ ስለሆነ የጃንጥላ ሽቦ አይሰማውም።

የካቲት 11

ማጭዷ ታየች። አዲስ ጨረቃ የሆነችው ትናንት ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ ነበር። ዛሬ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ክር የምታክል ሆና ዝቅ ብላ ወጣች። የረመዳን ጨረቃ ስለሆነች ሰፈሩ ሁሉ ቀና ብሏል። ቀንዶቿ ቀጥ ብለው ወደ ላይ። ሳጥኑ ውስጥ ያለውም ኳስ ከታች ቀጭን ነጭ ጠርዝ አሳይቷል። ሁለቱን እያፈራረቅኩ አየሁ። የዘንድሮ ትልቁ ደስታዬ ነው፤ ይመዝገብ።

ማሳሰቢያ ለሚሠራ ሰው፦ ቀንዶቹ እንዲህ ቀጥ የሚሉት በየካቲትና መጋቢት አካባቢ ነው። በመስከረም የማታ ጨረቃ ሠላሳ ዲግሪ ያህል ታዘማለች። ሳጥኑን ያኔ ከአንድ ጎኑ ሥር ነገር ማስገባት ነው።

የካቲት 17

ልጆቹ ከትምህርት ቤት ይዘውት የመጡት ሐሳብ አለ። ጨረቃ የምትጎድለው የምድር ጥላ ስለሚያርፍባት ነው ይላሉ። ብዙ ትልቅ ሰውም ይህንኑ ነው የሚያምነው። በክርክር አይፈታም።

ከሰዓት 10 ሰዓት ላይ በረንዳ ወጣን። ግማሽ ጨረቃ በቀን ብርሃን ምሥራቅ በኩል ከፍ ብላለች። ፀሐይ ምዕራብ ናት። በእንቁላል ነበር የሚያምረው፤ ጾም ስለሆነ ቤት ውስጥ የለም። ሎሚ ሰጠኋቸው። "ሎሚውን ጨረቃዋ አጠገብ አድርጋችሁ ያዙ፤ እጃችሁን ዘርጉ።" ሎሚው ላይ ፀሐይ አርፎበታል። ግማሹ በርቷል፣ ግማሹ ጥላ ነው። በርቶ የሚታየው ጎን ከጨረቃዋ ጋር አንድ ነው፤ መስመሩ እንኳ በዚያው አቅጣጫ ነው ያዘመመው። ሎሚው ላይ የምድር ጥላ የለም። ፀሐይ ያላየችው የራሱ ጀርባ ነው።

ጥላው የሚያርፍባት በግርዶሽ ጊዜ ብቻ ነው። ያም የሚሆነው ጨረቃ ሙሉ ስትሆን፣ ከፀሐይ በተቃራኒ ስትቆም ነው፤ ባለፈው ጳጉሜን 2 ማታ እንደሆነው። በየወሩ የማይደገመውም መንገዷ 5 ዲግሪ ያህል ስለሚያዘነብል ከጥላው በላይ ወይም በታች ስለምታልፍ ነው። ትልቁ ልጅ ሎሚውን ይዞ ለረጅም ጊዜ ዞረ። ትንሿ ላጠችው።

የካቲት 20

ጨረቃና ጁፒተር ዛሬ ጎን ለጎን። ጥያቄ ዘነበብኝ፤ ሌሎቹስ ስንት ጨረቃ አላቸው?

ሜርኩሪና ቬነስ ምንም። ማርስ ሁለት፣ ፎቦስና ዲሞስ፤ አሜሪካዊው የሰማይ ተመራማሪ አሳፍ ሆል በ1877 እ.ኤ.አ. ያገኛቸው። ፎቦስ አንድ ዙር የሚጨርሰው በ7 ሰዓት ከ39 ደቂቃ ነው። ማርስ ራሷ ከምትሽከረከረው ይቀድማል። ስለዚህ ማርስ ላይ የቆመ ሰው ፎቦስ በምዕራብ ወጥቶ በምሥራቅ ሲጠልቅ ያያል። ለእሱ ሳጥን ሊሠራ ቢታሰብ ሞተር ያስፈልጋል። ኔፕቱን ትልቋ ጨረቃው ትራይተን ወደ ኋላ ነው የምትዞረው፤ ፕላኔቱ በሚሽከረከርበት ተቃራኒ። ጁፒተር ከ95 በላይ አለው። ሳተርን በ2025 እ.ኤ.አ. 128 በአንድ ጊዜ ተጨምረውለት 274 ደርሷል። አብዛኞቹ ጥቂት ኪሎ ሜትር የሆኑ ድንጋዮች ናቸው። በግሌ ሁሉንም በአንድ ስም መጥራት ትንሽ ይከብደኛል። ጋኒሜድ ከሜርኩሪ ይበልጣል፤ ስፋቱ 5,268 ኪሎ ሜትር ነው። እሱና የሳተርን ድንጋይ እንዴት እኩል ይቆጠራሉ? ልጆቹ ግን 274 በሚለው ቁጥር ተደስተዋል፤ ልተወው።

መጋቢት 24

ዛሬ ንጋት 11 ሰዓት ላይ ጨረቃዋ ሞላች። ሳጥኑን ገለበጥኩት። ይህን ቀደም ብዬ አልጻፍኩም። ከሙሉ ጨረቃ በኋላ ነጩ እየጎደለ ከላይ በኩል ይቀራል። የጎደለችውን ጨረቃ የምናየው ግን ንጋት ላይ በምሥራቅ ነው፤ ፀሐይ ከታች ናት፣ የበራው ጎንም ከታች ነው። ሳጥኑ ሲገለበጥ ልክ ይመጣል። በወር ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፦ ስትሞላ መገልበጥ፣ ስታልቅ መመለስ።

አሁን የየኔታ ጉዳይ። በባሕረ ሐሳቡ የፋሲካዋ ጨረቃ 14 ቀን ሞልቷት ሙሉ የምትባለው መጋቢት 28 ነው። ሰማዩ ላይ ዛሬ ሞልታለች። አራት ቀን። ምክንያቱ ትንሽ ነገር ነው። ስሌቱ 19 ዓመትን ከ235 የጨረቃ ወር ጋር እኩል ያደርጋል። 19 ዓመት በ365 ከሩብ ሲታሰብ 6,939.75 ቀን ነው። 235ቱ ወር 6,939.69። ልዩነቱ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ በሦስት መቶ ዓመት አንድ ቀን ይሞላል። በብዙ መቶ ዓመት ሲጠራቀም ይኸው። ያለ መነጽር፣ ያለ ሰዓት በ19 ዓመት ሰዓት ተኩል ብቻ የሚስት ስሌት ማውጣት ቀልድ አይደለም።

የእኔ ሳጥን ከዚህ ይብሳል። በየወሩ 44 ደቂቃ ይቀድማል። በዓመት ከአራት ወር ግማሽ ቀን ስለሚሞላ አንድ ጠዋት ዲስኩን ሳልነካ ማለፍ አለብኝ። ስሌቱ ይዘገያል፣ ሳጥኑ ይቸኩላል።

መጋቢት 26

የቀረ ሥራ። የሳጥኑ ውስጥ በጥቁር ቀለም ሁለተኛ ዙር ይቀባ፤ መብራት ሲበራ ይንጸባረቃል። የአዮ ሽቦ ሥር ሮንዴላ ይግባ፤ ዩሮፓን ይዟት እየዞረ ነው። ሳተርን አሁን ከፀሐይ ጋር ስለሆነ አይታይም፤ ለማታ የሚመቸው ከክረምት በኋላ ነው። ቲታንን ለማየት ትንሽ ቴሌስኮፕ ቢገኝ ይሻላል። አንድ ዙር በ16 ቀን ገደማ ስለምትጨርስ ሽቦዋ በየማታው የምትዞረው ዲግሪ ከካሊስቶ ብዙ አይለይም።

የኔታ ሳጥን አዘዋል። በጥርሶቹ ላይ ከ1 እስከ 30 ያለው ቁጥር በግዕዝ እንዲጻፍላቸው ይፈልጋሉ። ለእያንዳንዱ ቀን ሁለት ጥርስ ስለሆነ ለሠላሳኛው አንድ ብቻ ነው የሚደርሰው አልኳቸው። "እሱማ ሕጸጹ ነው፤ ተወው" ብለው ሳቁ። ከፋሲካ በፊት እንዲደርስ ቅዳሜ ኮምፔልሳቶ እገዛለሁ።